የፍሬን ቱቦ አፍ ማስፊያ መሣሪያ እንዴት ይመረጥ? ለማይዝግ ብረት ቱቦ የሚሆነውና የማይሆነው

ሐይቅ፦ ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚጓዝ መንገደኛ ሐይቅ ከተማ ከመድረሱ በፊት ረዥም ቁልቁለት ይወርዳል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ የሐይቅ አካባቢ ወደ 2 ሺህ ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። የተሁለደሬ ወረዳ መቀመጫ የሆነችውን ሐይቅን አልፎ የአምባሰል ወረዳ መቀመጫ ወደሆነችው ውጫሌ፣ ከዚያም ወደ ውርጌሳና መርሳ የሚዘልቀው መንገድም ዳገትና ቁልቁለት የሚፈራረቁበት ነው።

በዚህ መንገድ ላይ ጤፍና ማሽላ የጫነው አይሱዙም ሆነ ገበያተኛ ያሳፈረው ሚኒባስ ቁልቁለቱን በሰላም የሚወርደው፣ ከእርሳስ በቀጠነ ቱቦ ውስጥ በሚያልፍ ዘይት ኃይል ነው።  ቱቦው በጫፉ፣ ማለትም ከሌላው ክፍል ጋር በሚጋጠምበት በአፉ በኩል ሊከዳ ይችላል። ያ አፍ የሚሠራበት መሣሪያ በባለሙያዎች ዘንድ ፍሌሪንግ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የቱቦ አፍ ማስፊያ እንለዋለን።

የፍሬን ቱቦ በሚቀየርበት ጊዜ ብዙ ባለንብረቶች "የማይዝግ ብረት ይሻላል" ሲሉ ይሰማል። የማይዝግ ብረት፣ በገበያ ስሙ ስቴንለስ ስቲል፣ ዝገትን በመቋቋም ረገድ በእርግጥ ጥሩ ነው። ሆኖም ጠንካራነቱ አፉን ለማስፋት አስቸጋሪ ያደርገዋል፤ በተራ መሣሪያ የተሠራ የማይዝግ ቱቦ በደንብ ከተሠራ ተራ ቱቦ ይልቅ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መሣሪያው ከመገዛቱ በፊት መታወቅ ያለባቸውን ነጥቦች ቀጥለን እናብራራለን።

ቱቦው የሚሸከመው ጫና

የአንድ የቤት መኪና ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 2.5 ባር የአየር ግፊት ይይዛል። አሽከርካሪው ፍሬኑን በኃይል ሲረግጥ ግን በቱቦው ውስጥ ያለው ዘይት 100 ባርና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። ይህ ከጎማው ግፊት ቢያንስ 40 እጥፍ ነው። ይህን ሁሉ የሚሸከመው በአብዛኞቹ ቀላል መኪኖች ላይ የውጭ ስፋቱ 4.75 ሚሊ ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት ደግሞ 0.7 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ቱቦ ነው።

በአፉ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካለ፣ ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር ጥቂት ዘይት ያመልጣል። ማጠራቀሚያው ሲጎድል ደግሞ አየር ወደ መስመሩ ይገባል። ዘይት ሲጨቆን አይታመቅም፤ አየር ግን ይታመቃል። በዚህም ምክንያት ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል፣ ቀስ በቀስም ወደ ወለሉ ይወርዳል። በአሁኑ ጊዜ ያሉ መኪኖች የፍሬን ማስተራቸው ሁለት የተለያዩ መስመሮች ስላሉት አንዱ ቢፈስ ሌላው ማገልገሉን ይቀጥላል። ይሁን እንጂ መኪናው ለመቆም የሚፈልገው ርቀት በእጅጉ ይረዝማል። በሜዳ ላይ ይህ ድንጋጤ ብቻ ሆኖ ሊያልፍ ይችላል፤ በቁልቁለትና በመታጠፊያ ላይ ግን ያ የረዘመ ርቀት ከመንገዱ ውጭ ያበቃል።

አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ትልልቅ የጭነት መኪኖችና አውቶቡሶች በአብዛኛው በአየር ፍሬን የሚሠሩ በመሆናቸው የአየር መስመራቸው የራሱ መገጣጠሚያ አለው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ በዘይት የሚሠራው ፍሬን ነው። ይህም የቤት መኪናን፣ ሚኒባስን፣ ፒክአፕንና አብዛኞቹን መካከለኛ የጭነት መኪኖች ይመለከታል።

ጉዳዩ ለምን አሁን ያሳስባል?

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይታወሳል። ክልከላው በመንገድ ላይ ያሉት የነዳጅ መኪኖች ለተጨማሪ ዓመታት እየተጠገኑ እንዲያገለግሉ ያደርጋል። መኪና ሲያረጅ የፍሬን ቱቦውም ያረጃል። በጭቃ፣ በእርጥበትና በጠጠር ምት ሽፋኑ የተላጠ ተራ የብረት ቱቦ ከውጭ ወደ ውስጥ እየዛገ ይሳሳል።

ሁለተኛው ምክንያት የመኪና ለውጥ ሥራ ነው። በአገራችን ተሽከርካሪ በመንገዱ ቀኝ ስለሚሄድ መሪው በግራ መሆን አለበት። በገበያ ላይ ካሉት ያገለገሉ የጃፓን መኪኖች መካከል ሲሠሩ ባለ ቀኝ መሪ የነበሩና በኋላ ወደ ግራ የተቀየሩ ይገኛሉ። መሪው ሲዛወር የፍሬን ፔዳሉና ማስተሩም አብረው ይዛወራሉ። ስለዚህ ከማስተሩ የሚነሡት ቱቦዎች ተቆርጠው ወይም ረዝመው እንደገና አፍ ተሠርቶላቸዋል ማለት ነው። ሻሲ ሲረዝም፣ የኋላ ፍሬን ሲቀየር ወይም ከሌላ መኪና የመጣ አካል ሲገጠምም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። እንዲህ ባሉ መኪኖች ላይ ያለው ቱቦ የፋብሪካው ሳይሆን የአንድ ጋራዥ የእጅ ሥራ ነው። ጥራቱም በዚያ ጋራዥ መሣሪያ ልክ ነው።

ሦስት ዓይነት አፎች

መሣሪያ ለመምረጥ የመጀመሪያው እርምጃ መኪናው የሚፈልገውን የአፍ ዓይነት ማወቅ ነው። በሥራ ላይ የሚገኙት በዋናነት ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ባለ 45 ዲግሪ ድርብ አፍ ነው። የቱቦው ጫፍ በመጀመሪያ ወደ ውጭ ይነፋል፤ ቀጥሎ ጠርዙ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሁለት ድርብ የሆነ ሾጣጣ ከንፈር ይፈጠራል። የድርቡ ጥቅም ሁለት ነው፤ ከንፈሩን ያወፍረዋል፣ ጠርዙ እንዳይሰነጠቅም ይከላከላል። ቶዮታን ጨምሮ በጃፓን መኪኖች ላይ በስፋት የሚገኘው ይህ ነው።

ሁለተኛው የአረፋ ቅርጽ ያለው አፍ ነው። ጫፉ እንደ እንጉዳይ ራስ ክብ ሆኖ ያብጣል፤ ነገር ግን ወደ ውስጥ አይታጠፍም። በብዙ የአውሮፓ መኪኖች ላይ የተለመደ ነው።

ሦስተኛው ባለ 37 ዲግሪ ነጠላ አፍ ነው። ይህ አፍ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የአሜሪካ ጦርና ባሕር ኃይል ለአውሮፕላን መስመሮች ከተጠቀሙበት ወጥ መስፈርት የመጣ ሲሆን፣ ከዚያ ወደ እሽቅድምድም መኪኖችና በልዩ ትእዛዝ ወደሚሠሩ መኪኖች ተሸጋግሯል። አፉ ነጠላ ቢሆንም ከጀርባው የሚደግፈው የብረት ቀለበትና የሚያጠብቀው ዳዶ አሉት። ለማይዝግ ብረት በተለይ የሚመረጠው ይህ ነው።

ዲግሪው የሚለካው ከቱቦው መሐል መስመር ወደ አንድ ጎን ነው። ስለዚህ ባለ 45 ዲግሪው ሾጣጣ በሁለቱ ጎኖቹ መካከል ሙሉ 90 ዲግሪ፣ ባለ 37ቱ ደግሞ 74 ዲግሪ ይከፈታል። ይህን ማወቅ በገበያ ላይ ይጠቅማል። ምልክቱ የጠፋበት መሣሪያ ሲቀርብልዎት ሾጣጣውን በስኳድራ ውስጠኛ ጥግ ላይ ያስቀምጡት። ሁለቱም ጎኖቹ ስኳድራውን ሙሉ በሙሉ ከነኩ ባለ 45 ነው። ጎኖቹ ክፍተት ከተዉ ግን ባለ 37 ወይም ሌላ ነው።

ብሎኑ ገባ ማለት አፉ ገጠመ ማለት አይደለም

ከስሕተቶች ሁሉ የሚያታልለው ይህ ነው። የብዙ ጃፓን መኪኖች የፍሬን ቱቦ ብሎንና የብዙ አውሮፓ መኪኖች ብሎን ስፋታቸው 10 ሚሊ ሜትር፣ የጥርሳቸው ርቀትም 1 ሚሊ ሜትር ነው። አንዱ በሌላው ቀዳዳ ያለ ችግር ይገባል፣ ይጠብቃልም። ውስጥ ያለው መቀመጫ ግን የተለያየ ነው። ድርቡ አፍ የሚያርፈው ወደ ውጭ በሾለ መቀመጫ ላይ ሲሆን፣ የአረፋው አፍ የሚያርፈው ወደ ውስጥ በጎደጎደ መቀመጫ ላይ ነው። ሁለቱን ያቀላቀለ መካኒክ ዳዶውና ብሎኑ ስለጠበቁ ብቻ ሥራው የተሳካ ይመስለዋል። በእርግጥ ግን የሚነካካው አንድ ቀጭን ጠርዝ ብቻ ነው።

የውጫሌ አካባቢ ነዋሪ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በ1881 ዓ.ም. በውጫሌ የተፈረመው ውል በአማርኛና በጣሊያንኛ ተጽፎ ሁለቱም ፊርማና ማኅተም አርፎባቸው ነበር። ከውጭ ሲታይ አንድ ውል ነው፤ በ17ኛው አንቀጽ ግን ሁለቱ ጽሑፎች የተለያየ ነገር ይሉ ነበር። ልዩነቱም ውሎ አድሮ ወደ ዐድዋ ጦርነት አመራ። ከውጭ መግጠም ከውስጥ ለመስማማቱ ማረጋገጫ እንደማይሆን ከዚህ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል።

መፍትሔው ቀላል ነው። አሮጌው ቱቦ ሲፈታ አይጣል፤ አፉ ታጥቦ ይታይ። መሪው ወይም ፍሬኑ በተቀየረ መኪና ላይ ግን አሮጌው ቱቦም የተሳሳተ ሊሆን ስለሚችል፣ በማስተሩና በጎማው በኩል ያሉት መቀመጫዎች ራሳቸው በባትሪ ብርሃን መታየት አለባቸው። በአንድ ቱቦ ሁለት ጫፎች ላይ የተለያየ አፍ ሊያስፈልግም ይችላል።

ቱቦው ከምን ይሠራ?

ለመኪና ፍሬን የሚውሉት ቱቦዎች በሦስት ይከፈላሉ። አንደኛው ሽፋን የተቀባ ብረት ነው። ከፋብሪካ የሚወጡ አብዛኞቹ መኪኖች ይህን ይዘው ይወጣሉ። ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ተገቢ መሣሪያ ካለም አፉ በደንብ ይሠራል። ድክመቱ ሽፋኑ ሲላጥ መዛጉ ነው።

ሁለተኛው የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ነው። ከ100 እጅ 10 ያህሉ ኒኬል ሲሆን ጥቂት ብረትም ይገባበታል። አይዝግም፣ በእጅ ይታጠፋል፣ አፉም ሳይሰነጠቅ ይሰፋል። የስዊድኑ ቮልቮ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በመኪኖቹ ላይ ተጠቅሞበታል። ይህ ግን ከንጹሕ መዳብ ጋር መምታታት የለበትም። ለፍሪጅ የሚሸጠው ቀይ የመዳብ ቱቦ በንዝረት ብዛት እየደደረ ስለሚሰነጠቅ ለፍሬን አይሆንም። ቅይጡ ቀለሙ ከመዳብ ፈዘዝ ያለ ነው፤ ነገር ግን በቀለም ብቻ ከመተማመን ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይሻላል።

ሦስተኛው የማይዝግ ብረት ነው። ዝገትን፣ ጭረትንና የጠጠር ምትን ይቋቋማል፤ ገጽታውም ያማረ ስለሆነ በልዩ ትእዛዝ በሚሠሩ መኪኖች ላይ ይወደዳል። ነገር ግን ሁለት ጠባዮች አሉት። በመጀመሪያ፣ በተሠራ ቁጥር እየደደረ ይሄዳል። አንድ ጊዜ የተበላሸ አፍ ቢደጋገም ይሰነጠቃል እንጂ አይስተካከልም። ቀጥሎም፣ ጠንካራ በመሆኑ ብሎኑ ሲጠብቅ እንደ ሌሎቹ ቱቦዎች ጥቂት ተጨፍልቆ ከመቀመጫው ጋር አይላመድም። ሌላው ቱቦ የሚሸፍነውን ትንሽ የአሠራር ጉድለት የማይዝግ ብረት አይሸፍንም። ድርቡ አፍ በእርሱ ላይ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ማጥበቅ የሚያፈስሰውም ለዚህ ነው።

የማይዝግ ቱቦ የሚገዛ ሰው ለመታጠፍና አፍ ለማስፋት የለሰለሰ መሆኑን መጠየቅ አለበት። ለጌጥና ለደረጃ መደገፊያ የሚሸጠው ደረቅ ቱቦ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይውልም። ደረቁን በጋዝ እሳት አለስልሶ ለመጠቀም መሞከርም አይገባም፤ እሳቱ ዝገት የመቋቋም ኃይሉን ይጎዳል፣ ውስጡንም በቅርፊት ያቆሽሻል።

በገበያ ላይ ያሉት መሣሪያዎች

አንደኛ፣ የፍሪጅ ጥገና መሣሪያ። ባለ ቀዳዳ መቆንጠጫና በእጅ የሚዞር ሾጣጣ ያለው ሲሆን በየመሣሪያ መደብሩ ይገኛል። የሚሠራው ለስላሳ መዳብ ላይ ባለ 45 ዲግሪ ነጠላ አፍ ነው። ለፍሬን አይሆንም። በብረት ቱቦ ላይ ነጠላ ባለ 45 አፍ መሥራት የሚሰነጠቅ ከንፈር መሥራት ነው። የማይዝግ ብረትን ሲይዝ ደግሞ ቱቦው በመቆንጠጫው ውስጥ ይንሸራተታል።

ሁለተኛ፣ ይኸው መሣሪያ ድርብ አፍ የሚያወጡ ትንንሽ ፎርማዎች ተጨምረውበት የሚሸጠው ነው። በመዳብና ኒኬል ቅይጥ ላይ፣ በጥንቃቄ ከተያዘም በተራ ብረት ላይ ተቀባይነት ያለው ሥራ ይሠራል። በወር አንድ ሁለት ቱቦ ለሚሠራ ትንሽ ጋራዥ በቂ ሊሆን ይችላል። ለማይዝግ ብረት ግን ደካማ ነው። እንዳይንሸራተት አብዝተው ሲያጠብቁት የመቆንጠጫው ጥርስ ቱቦውን ይጭረዋል፤ ጭረቱም በኋላ የስንጥቅ መነሻ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ በሞርሳ ላይ የሚታሰረው ባለ ረዥም እጀታ መሣሪያ ነው። ፎርማዎቹ በሚዞር ራስ ላይ ተደርድረው ስለሚገኙ ባለሙያው ራሱን እያዞረ፣ እጀታውን እየሳበ ይሠራል። ቱቦውን ሰፊ በሆነ ቦታ ስለሚይዘው ቀጥ ያለና ወጥ የሆነ አፍ ይወጣል። ድርብና የአረፋ አፍ ለሚያዘወትር ጋራዥ ከሁሉ የተሻለ ምርጫ ነው። የለሰለሰ የማይዝግ ብረት ላይም የሚሠሩ አሉ። ጉድለቱ ቱቦው ከመኪናው ወጥቶ ወደ ሞርሳው መምጣት ያለበት መሆኑ ነው።

አራተኛ፣ በእጅ የሚነፋ የሃይድሮሊክ መሣሪያ ነው። እንደ ትንሽ ክሪክ በዘይት ግፊት ስለሚገፋ ሰው በክንዱ የማያገኘውን ኃይል ይሰጣል። ፎርማዎቹ እየተቀያየሩ ባለ 45፣ የአረፋና ባለ 37 ዲግሪ አፍ ያወጣሉ። መኪናው ሥር ገብቶ ቱቦው ባለበት ለመሥራትም ይመቻል። ዋጋው ከሁሉም ከፍ ይላል፤ ትንንሾቹ ፎርማዎችም በቀላሉ ይጠፋሉ።

አምስተኛ፣ ለባለ 37 ዲግሪ ብቻ የተሠራው ባለ ተንከባላይ ሾጣጣ መሣሪያ ነው። ሾጣጣው ከመሐል ጥቂት ፈንገጥ ብሎ እየዞረ ብረቱን ስለሚያሽ፣ ከመግፋት ይልቅ እየዳመጠ ያሰፋዋል። ገጹ ለስላሳ ሆኖ ይወጣል። የማይዝግ ቱቦ አዘውትሮ ለሚሠራ ሰው የተሻለው ይህ ወይም ጥሩ የሃይድሮሊክ መሣሪያ ነው።

ሲገዙ ምን ይታይ?

ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ያስፈልጋል። መጀመሪያ የመኪናው መቀመጫ፣ ቀጥሎ የቱቦው ዓይነት፣ በመጨረሻ መሣሪያው ይመረጣል። ከመሣሪያው ተነሥቶ ወደ መኪናው መሄድ ስሕተት ነው።

መሣሪያው ሲቀርብ የሚከተሉት ይታዩ። በመግለጫው ላይ የማይዝግ ብረት በስም ተጠቅሷልን? "ለብረት" የሚለው ብቻ በቂ አይደለም። ፎርማዎቹ 4.75 ሚሊ ሜትር ያካትታሉን? ለወፍራም መስመሮች 6 ሚሊ ሜትር እና 6.35 ሚሊ ሜትር ተለይተው ቀርበዋልን? እነዚህ ሁለቱ ተቀራራቢ ቢሆኑም አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። የመቆንጠጫው ሁለት ግማሾች ሲገጥሙ ብርሃን ያሳልፋሉን? ሾጣጣው ጭረት አለበትን? በተቻለ መጠን ደግሞ በመደብሩ ውስጥ በቁራጭ ቱቦ ላይ ተሞክሮ አፉ ቀጥ ብሎ መውጣቱ ይታይ።

በሐይቅም ሆነ በውጫሌ ላሉ ትንንሽ ጋራዦች ሁሉ ውዱን መሣሪያ ለየብቻ መግዛት የግድ አይደለም። ጎረቤታሞች ሁለትና ሦስት ሆነው አንድ ጥሩ መሣሪያ በጋራ ቢገዙ፣ ፎርማዎቹንም አንድ ሰው ቆጥሮ ቢይዝ፣ ወጪው ይቀላል። ይህ ካልተቻለ በተራው መሣሪያ የማይዝግ ብረት ላይ ከመታገል፣ የመዳብና ኒኬል ቅይጥ ወይም ሽፋን ያለው ብረት መርጦ ድርብ አፍ በትክክል መሥራት እጅግ የተሻለ ነው።

ባለንብረቱ የማይዝግ ብረት ብቻ እፈልጋለሁ ካለ፣ ሥራው ሙሉ ሆኖ መታሰብ አለበት። ባለ 37 ዲግሪ አፍ በመኪናው መቀመጫ ላይ በቀጥታ አይገጥምም። በማስተሩ፣ በጎማዎቹና በማከፋፈያው በኩል አሸጋጋሪ መገጣጠሚያ፣ ለእያንዳንዱ ጫፍም ቀለበትና ዳዶ ያስፈልጋል። የእነዚህ ዋጋ ከቱቦው ዋጋ ሊበልጥ እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅ ተገቢ ነው።

አሠራሩ በአጭሩ

ቱቦው በሚዞር የቱቦ መቁረጫ በትንሽ በትንሹ እየተጠበቀ ይቆረጣል። የማይዝግ ብረት በመቁረጫው ግፊት ጫፉ ስለሚደድር በጥድፊያ መቁረጥ አይገባም። ጥርሱ ደቃቅ በሆነ የብረት መጋዝ ቆርጦ በሊማ ማስተካከልም ይቻላል፤ ዋናው ጫፉ ከቱቦው ጋር ፍጹም ቀጤ ነክ መሆኑ ነው። ቀጥሎ የውስጡና የውጩ ሻካራ ጠርዝ ይነሣል፤ በዚያ የቀረች ትንሽ ጭረት ወደ ስንጥቅ ትለወጣለችና።

አፉ ከመሰፋቱ በፊት ብሎኑ፣ ወይም ዳዶውና ቀለበቱ፣ በትክክለኛው አቅጣጫ በቱቦው ላይ ይግቡ። ይህን ረስቶ ያማረ አፍ ከሠራ በኋላ ቆርጦ እንደገና መጀመር ልምድ ባላቸው ባለሙያዎች ላይም ይደርሳል። ቱቦው ከመቆንጠጫው ወደ ላይ የሚወጣው ልክ የሚወሰነው በፎርማው እርከን ነው፤ በዓይን ግምት አይደለም። ጫፉ ላይ ጠብታ ዘይት ይደረግና በአንድ ወጥ ግፊት ይሠራል።

ከዚያ አፉ በብርሃን ይታያል። በሁሉም አቅጣጫ እኩል ነውን? ወደ አንድ ጎን አዘንብሏልን? ጠርዙ ላይ ስንጥቅ፣ ገጹ ላይ ጭረት አለን? በ4.75 ሚሊ ሜትር ቱቦ ላይ የድርብ አፍ ስፋት 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። በባለ 37ቱ ደግሞ ከንፈሩ ከቀለበቱ ውጫዊ ጠርዝ ማለፍ የለበትም። አጠራጣሪ ከሆነ ይቆረጥና አዲስ ይሠራ። በመጨረሻም ቱቦው ውስጡ በንጹሕ የፍሬን ዘይት ታጥቦ ይገጠማል፣ በክሊፕ ይታሰራል፣ አየሩም ይወጣል። ጎማው ሲንቀሳቀስ አብሮ መንቀሳቀስ ባለበት ቦታ ላይ ምንጊዜም ተጣጣፊው የጎማ ቱቦ እንጂ ደረቅ ቱቦ አይገባም።

ፈጽሞ መደረግ የሌለባቸው

የሚያፈስስ የፍሬን ቱቦ በብየዳ አይደፈንም። በመገጣጠሚያው ጥርስ ላይ ቴፍሎን ወይም ማጣበቂያ አይጠመጠምም፤ የሚያሽገው ጥርሱ ሳይሆን አፉ ነውና። ይባስ ብሎም የቴፍሎኑ ብጣሽ ወደ መስመሩ ገብቶ ሊዘጋው ይችላል። የውኃ ቧንቧ መገጣጠሚያ ለፍሬን አይውልም። የአንድ ጎማ ቱቦ ሲያፈስስ አጥፎ ወይም ደፍኖ በሦስት ጎማ ፍሬን መንዳት ደግሞ መኪናውን በድንገት ወደ አንድ ወገን ሊጎትተው ይችላል። በፍሬን ዘይት ምትክ የሞተር ወይም ሌላ ዘይት መጨመር የውስጥ ጎማዎችን ያሳብጣል፣ መላውን መስመርም ያበላሻል።

ባለንብረቱና ገበሬው ምን ያድርጉ?

መኪናውን ከጋራዥ የሚረከብ ሰው መካኒኩን በአክብሮት ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ። ቱቦው ከምን የተሠራ ነው? አፉ የትኛው ዓይነት ነው? መቀመጫውስ ታይቷል? ከዚያም ሞተሩ ተነሥቶ ፔዳሉ ለአንድ ደቂቃ ያህል በኃይል ተረግጦ ይያዝ። ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ አንድ ቦታ ችግር አለ። በዚያው ጊዜ ሌላ ሰው እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በደረቅ ወረቀት ይጥረግ፤ ወረቀቱ ከረጠበ መኪናው አይንቀሳቀስ። የመጀመሪያው ሙከራ በሜዳ ላይ በዝግታ ይደረግ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም መገጣጠሚያዎቹ እንደገና ይታዩ። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት በየዓመቱ የሚደረገው የቴክኒክ ምርመራ አስፈላጊ ነው። ሆኖም ቦሎ መለጠፉ በዓመቱ ውስጥ የሚሠራን ቱቦ አይጠብቅም።

ትራክተር ያላቸው ወይም የሚከራዩ አርሶ አደሮችም ጉዳዩ ይመለከታቸዋል። የማረሻ ማንሻው መስመር ከመኪና ፍሬን የማያንስ፣ ብዙ ጊዜም የሚበልጥ ግፊት አለው። በማሽነሪዎች ላይ ባለ 37 ዲግሪ መገጣጠሚያ የተለመደ በመሆኑ በባለ 45 መሣሪያ የተሠራ ቱቦ አይገጠምበት። የሚያፈስሰውን ቦታ በባዶ እጅ መፈለግ ደግሞ ክልክል ነው። በመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም እጅን እስከ ማስቆረጥ ያደርሳል። ፍተሻው በካርቶን ይደረግ፤ ዘይት ቆዳ ከበሳ ሕመሙ ባይጠናም ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ይኬድ።

ለቁልቁለት የሚዘጋጅ አሽከርካሪ ደግሞ ቱቦው ደኅና ቢሆንም ዝቅተኛ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ እንዲይዝለት ማድረጉን አይርሳ። አዲስ ዶት 3 የፍሬን ዘይት የሚፈላው ከ205 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሲሆን፣ ከአየር እርጥበት ስቦ ያረጀው ግን በ140 ዲግሪ ገደማ ሊፈላ ይችላል። የፈላ ዘይት ጋዝ ይፈጥራል፤ ያኔ ያማረው አፍም አያድንም።

የማይዝግ ብረት መምረጥ ስሕተት አይደለም። ስሕተቱ የማይዝገውን ቱቦ በማይመጥነው መሣሪያ መሥራት ነው። ጥሩ መሣሪያ የሌለው ጋራዥ "ይህን ቱቦ እኔ አልሠራውም፣ በሌላው ልሥራልዎት" ቢል ባለንብረቱ ሊያመሰግነው ይገባል። ከደሴ እስከ ሐይቅ፣ ከውጫሌ እስከ መርሳ ባሉት ቁልቁለቶች ላይ የተሳፋሪውን ሕይወት የሚጠብቀው የቱቦው ማብረቅረቅ ሳይሆን፣ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሆነው ከንፈር በመቀመጫው ላይ በትክክል ማረፉ ነው።